ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር ዲፌንሲቭ ላይንማን እንዴት ይመዘናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየዓመቱ ጃንዋሪ ሲገባ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ተከታታይ ወሬ አይጠፋበትም፦ እገሌ ከእገሌ ዩኒቨርሲቲ ለቆ ወደ እኛ መጥቷል፣ ይህን ያህል ሳክ አለው (ሳክ ማለት ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሷን የሚወረውረውን የአጥቂዎች መሪ፣ ሳይወረውር መጣል ነው)፣ ክብደቱ ይህን ያህል ነው። አብሮ የሚለቀቀው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ማንንም ጀግና ያስመስላል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከዚያ ቪዲዮ አልፎ ማየት ለሚፈልግ ሰው ናቸው። የሚመለከቱትም የመከላከሉን የፊት መስመር፣ ማለትም ኳሷ ከመነሳቷ በፊት ከአጥቂው መስመር ጋር ፊት ለፊት የሚፋጠጡትን ግዙፎች ነው።

ከሁሉ በፊት ምን ልይ?

የት እንደሚቆም። ዲፌንሲቭ ላይንማን የሚባል አንድ ሥራ የለም፤ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። አሰልጣኞች ተጫዋቹ የሚቆምበትን ቦታ በቁጥር ይጠሩታል። ቁጥሩ የሚለካው ከአጥቂው መስመር ነው፤ መሃል ላይ ኳሷን የሚያነሳው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ጋርዶች፣ ከእነሱ ወዲያ ታክሎች፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ታይት ኤንድ ይቆማሉ። 0 ማለት በሴንተሩ አፍንጫ ትክክል ነው፤ 1 የሴንተሩ አንደኛው ትከሻ፣ 2 ከጋርዱ ፊት ለፊት፣ 3 የጋርዱ የውጪ ትከሻ፣ 4 ከታክሉ ፊት ለፊት፣ 5 የታክሉ የውጪ ትከሻ፣ 9 ደግሞ ከታይት ኤንዱ ወዲያ ውጪ። ከቁጥሩ ኋላ «አይ» ከተጨመረች፣ ለምሳሌ 2አይ ወይም 4አይ ከተባለ፣ የውስጠኛው ትከሻ ማለት ነው። በአጥቂዎቹ መካከል ያሉት ክፍተቶችም ስም አላቸው፦ በሴንተርና በጋርድ መካከል ያለው ኤ ጋፕ፣ በጋርድና በታክል መካከል ያለው ቢ ጋፕ፣ ከታክሉ ውጪ ያለው ሲ ጋፕ።

0 ወይም 1 ላይ የሚቆም ልጅ ዋና ሥራው ሁለት ሰው በራሱ ላይ መሸከም ነው፤ እሱ ሁለቱን ሲይዝ ከኋላው ያለው ላይንባከር (የሁለተኛው መስመር ተከላካይ) ነፃ ይሆናል። 3 ላይ የሚቆም ቢ ጋፕን ሰብሮ ይገባል፤ ከመሃል ተጫዋቾች መካከል ሳክ የሚያገኘው በአብዛኛው እሱ ነው። 5 እና ከዚያ ውጪ የሚቆመው በጫፍ ዞሮ ኳርተርባኩን ያሳድዳል።

አሁን አንድ የተለመደ ስህተት እንይ። ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች ሦስት ሰው ብቻ ከፊት ያቆማሉ፤ መሃለኛውን 0 ላይ፣ ሁለቱን ጫፎች 4አይ ላይ። «ታይት ፍሮንት» የሚባለው አሰላለፍ ነው። እዚያ ያለው የጫፍ ተጫዋች ቢ ጋፕን እንዲዘጋ እንጂ ኳርተርባክ እንዲያሳድድ አይጠየቅም፤ ጋርዱና ታክሉ አንድ ላይ ይጫኑታል። በ12 ጨዋታ 2 ሳክ ብቻ ቢኖረው የታዘዘውን ሠርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ይኸው ልጅ አራት ሰው ከፊት ወደሚያቆም ቡድን ሄዶ 3 ላይ ቢሰለፍ ሌላ ሰው መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ተቃራኒውም አለ፦ 9 ላይ ቆሞ በነፃነት ሲሮጥ የኖረን ልጅ አምጥታችሁ 4አይ ላይ ብታስቀምጡት፣ ያ ሁሉ ሳክ የት ገባ ትላላችሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው፦ አንድ ሙሉ ጨዋታ ክፈቱ፤ የ30 ስናፕ አቋቋሙን በቁጥር ጻፉ። ስናፕ ማለት ኳሷ አንድ ጊዜ ከሴንተሩ እጅ ስትነሳ የሚጀመረው አንድ ጨዋታ ነው። ከ30ው 25ቱ የእናንተ ቡድን ሰው ከጎደለበት ቦታ ጋር ከገጠመ ቀጥሉ። ካልገጠመ የምትመዝኑት ያደረገውን ሳይሆን ሊያደርግ ይችላል የምትሉትን ነው፤ ያን ጊዜ ግምታችሁን ዝቅ አድርጉ።

ሳኩ ብዙ ነው፤ ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ሳክ ውጤት ነው እንጂ ችሎታ አይደለም። ያሉትን ሳኮች በሙሉ ፈልጋችሁ ተመልከቱ፤ ከ10 ብዙም ስለማይበልጡ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያም መድቧቸው።

አንደኛው ዓይነት፣ ታክሉን ወይም ጋርዱን አንድ ለአንድ አሸንፎ በሦስት ሰከንድ ገደማ የደረሰበት ነው። ሁለተኛው ማንም ሳይነካው የገባበት ነው፤ የአሰልጣኙ ዘዴ ነው ወይም የተቃራኒው መስመር ተሳስቷል። ሦስተኛው፣ ከኋላ ያሉት ተከላካዮች ተቀባዮቹን በሙሉ ስለሸፈኑ ኳርተርባኩ ኳሷን ይዞ አራትና አምስት ሰከንድ ሲንከራተት የተገኘበት። አራተኛው፣ ኳርተርባኩ ከሌላ ሰው ሲሸሽ ወደ እሱ እቅፍ የሮጠበት። አምስተኛው፣ ከፊቱ የነበረው ታክል ሳይሆን ታይት ኤንድ ወይም ሩኒንግ ባክ (ኳሷን ይዞ የሚሮጠው) የነበረበት ነው። ወደ አዲሱ ቡድን አብሮት የሚመጣው በእርግጠኝነት የመጀመሪያው ብቻ ነው። 8 ሳክ ካለው ልጅ 2ቱ ብቻ ከመጀመሪያው ዓይነት ከሆኑ፣ 5 ሳክ ኖሮት 4ቱ ከዚያ የሆኑትን ምረጡ።

ከሳክ ይልቅ ከዓመት ዓመት ብዙም የማይዋዥቀው ፕሬሸር ነው፤ ይኸውም ሳኩ፣ ኳርተርባኩን ከወረወረ በኋላ መምታቱና አስቸኩሎ ማስወርወሩ ተደምሮ ማለት ነው። ድምሩን በፓስ ራሽ ስናፖቹ አካፍሉት። 300 ጊዜ ኳርተርባኩን ለመድረስ ሞክሮ 36 ፕሬሸር ካለው 12 በመቶ ነው። ለጫፍ ተጫዋች ከ12 በመቶ በላይ ጥሩ፣ 15 በመቶ ሲጠጋ እጅግ ጥሩ ነው ብለን እናስባለን። ለመሃል ተጫዋች ደግሞ 8 በመቶ ጥሩ ነው፤ 10 ካለፈ ስልክ የሚደውልለት አሰልጣኝ ብዙ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የተለያዩ ድረ ገጾች ቁጥር አይገጥምም። በኮሌጁ ይፋ መዝገብ ሁለት ሰዎች አብረው ኳርተርባኩን ከጣሉት ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሳክ ይጻፋል። ፊልም እያዩ የሚቆጥሩ የግል ድርጅቶች ግን ለሁለቱም ሙሉ ሊሰጡ ይችላሉ። ሁለት ልጆችን ስታወዳድሩ ከአንድ ምንጭ ብቻ ውሰዱ።

«ቡድኑ ሩጫን በመከላከል ከሊጉ አንደኛ ነበር» ሲባል ለላይንማኑ ምስክር ይሆናል?

በጥንቃቄ ተቀበሉት። በኮሌጅ ፉትቦል አቆጣጠር ኳርተርባኩ በሳክ የሚያጣው ያርድ ከአጥቂው ቡድን የሩጫ ያርድ ላይ ይቀነሳል፤ በፕሮፌሽናሉ በኤንኤፍኤል ግን ከሩጫ ላይ አይቀነስም። እንዲህ አስሉት፦ ተቃራኒው ቡድን 30 ጊዜ ሮጦ 150 ያርድ አገኘ፤ በአማካይ 5 ያርድ ነው፤ ይህ ለተከላካይ አሳፋሪ ነው። በዚያው ጨዋታ 4 ሳክ ተመዝግቦ 28 ያርድ ከጠፋ፣ መዝገቡ ላይ የሚታየው 34 ሩጫ፣ 122 ያርድ፣ በአማካይ 3.6 ነው። በሩጫ የተበላው ቡድን በወረቀት ላይ ግድግዳ መስሎ ቁጭ አለ። የሳኩን ያርድ መልሳችሁ ደምሩና እንደገና አካፍሉ።

ፊልም ሲባል የትኛውን ጨዋታ፣ ስንቱን ልይ?

አራት ይበቃል፤ ምርጫው ግን በእናንተ እጅ ይሁን እንጂ በቪዲዮ አቀናባሪው አይሁን። አንደኛ፣ በዚያ ዓመት የገጠመው ከሁሉ የጠነከረ የአጥቂ መስመር። ሁለተኛ፣ በስሙ ምንም ቁጥር ያልተመዘገበበት ጨዋታ፤ ከአራቱ ብዙ የሚያስተምረው ይህኛው ነው። ሦስተኛ፣ በኖቬምበር መጨረሻ የተደረገ፣ ሰውነት ከደከመ በኋላ ያለ ጨዋታ። አራተኛ፣ ቶሎ ቶሎ ከሚጫወት ወይም ሩጫ ከሚያበዛ ቡድን ጋር የተደረገ።

ደግነቱ፣ ላይንማን በተራ የቴሌቪዥን ሥርጭት እንኳ በደንብ ይታያል። ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ከኋላ ያሉት ተከላካዮች ከስክሪኑ ውጪ ይቀራሉ፤ መስመሩ ግን ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው። ድጋሚ ምስሉ ከጎሉ በስተኋላ ሲታይ ደግሞ የእጅና የትከሻ ነገር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ኳሷን ማየት ግን መተው አለባችሁ። እያንዳንዱን ስናፕ ሁለት ጊዜ አጫውቱ፦ አንዴ እሱን ብቻ፣ አንዴ ውጤቱን።

በእያንዳንዱ ስናፕ ላይ ምኑን ልመልከት?

አነሳሱን። ቪዲዮውን በፍሬም አስቁሙት፤ ኳሷ ስትንቀሳቀስ እጁ ከመሬት የሚለቀው መቼ ነው? ሰዓት መያዝ አያስፈልግም፤ ከራሱ ጎን ካሉት ጋር አወዳድሩት። በተደጋጋሚ ከመስመሩ መጨረሻ የሚነሳው እሱ ከሆነ፣ ወይ ኳሷን ትቶ ሰውየውን እያየ ነው፣ ወይ ደክሟል። ዳውን ማለት አጥቂው 10 ያርድ ለመሄድ ከሚሰጡት አራት ሙከራዎች አንዱ ነው፤ ሩጫ በሚበዛበት በ1ኛ ዳውን ዘግይቶ ውርወራ በሚበዛበት በ3ኛ ዳውን ከፈጠነ ደግሞ ሩጫን አይወድም።

ቀጥሎ ትከሻውን። ከስናፑ በኋላ በሁለተኛው እርምጃ ላይ አስቁሙት። ትከሻው ከተቃራኒው ትከሻ በታች ነው ወይስ በላይ? ቀጥ ብሎ የቆመ ላይንማን የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን ይገፋል። 6 ጫማ ከ6 ኢንች የሆነ ልጅ በዚህ ይቸገራል፤ ከወገቡ ሳይሆን ከጉልበቱ መታጠፍ መቻሉን እዩ። ከወገቡ የሚታጠፍ በግንባሩ ይደፋል።

እጁን። መጀመሪያ የሚመታው ማን ነው? እጆቹ የሚያርፉት በተቃራኒው ደረት ላይ ነው ወይስ ክንዱን ውጪ ለውጪ እያቀፈ ነው? ውጪ የሚያቅፍ ልጅ በትናንሽ ቡድኖች ላይ በጉልበቱ ይወጣዋል፤ ጠንካራ ጋርድ ሲያገኘው ግን ደረቱ ተይዞ ይቀራል። በፓስ ራሽ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው ዘዴ ሲከሽፍ ምን ያደርጋል? ቡል ራሽ (በጉልበት ገፍቶ መግባት) ብቻ የሚያውቅ ልጅ ቆሞ ይደንሳል። ሪፕ፣ ስዊም፣ ክለብ፣ ስፒን፣ ሎንግ አርም የሚባሉት ዘዴዎች ሁሉ እንዲኖሩት አይጠበቅም፤ አንድ የሚተማመንበትና ከእሱ የሚቀጥል አንድ ተጨማሪ ይበቃዋል።

የመሃል ተጫዋች ከሆነ ዋናው ፈተና ሁለት ሰው ሲጫነው ነው። ጥሩው ዳሌውን ዝቅ አድርጎ፣ የመጀመሪያውን ሰው በእጁ ይዞ፣ ለሁለተኛው ዳሌውንና ትከሻውን አዙሮ ቦታውን ሳይለቅ ይቆያል፤ ካቃተው አንድ ጉልበቱን መሬት ላይ ተክሎ የሰው ክምር ይፈጥራል። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ከጎን የመጣው ሲመታው ቀና ይላል፣ ትከሻው ይዞራል፣ ሦስት ያርድ ወደ ኋላ ይነዳል፤ የተነዳው እሱ ሆኖ ሳለ የሚሰደበው ከኋላው መንገድ የተዘጋበት ላይንባከር ነው። 15 እንደዚህ ዓይነት ስናፖችን ቁጠሩና በስንቱ ከአንድ ያርድ በላይ እንደተገፋ ጻፉ። ከ15 በ8 ወይም በ9 ከተገፋ፣ ኖዝ ታክል (0 ወይም 1 ላይ የሚቆም) ብላችሁ አትቅጠሩት።

የጫፍ ተጫዋች ላይ ሩጫን እንዳትዘሉ። ታክሉ ወደ ውስጥ ሲሄድበት አብሮ ጠብቦ መንገዱን ያጠብባል ወይስ ወደ ሜዳው ውስጥ ሮጦ ከኋላው በር ይከፍታል? አንዳንዴ ሆን ተብሎ ሳይነካ ይተዋል፤ ኳርተርባኩ እሱን እያነበበ ኳሷን ለመስጠት ወይም ይዞ ለመሮጥ ይወስናል። እዚያ ላይ ሩኒንግ ባኩን ስለተከተለ ብቻ አትፍረዱበት፤ ምናልባት የታዘዘው ያንን ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ በሦስት አራት ስናፖች ያደረገውን ስታዩ ትዕዛዙ ምን እንደነበር ይገለጥላችኋል።

መጨረሻው ላይ አጨራረሱ። ኳሷ በሌላው አቅጣጫ 15 ያርድ ስትርቅ እግሩ ይሮጣል ወይስ ይራመዳል? ያዝኩት ያለው ሰው ስንት ጊዜ ያመልጠዋል?

ውጤቱን ለመያዝ የተራቀቀ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ስናፕ አንድ ምልክት፦ ካሸነፈ ፕላስ፣ ከተሸነፈ ማይነስ፣ ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ ዜሮ። በአራት ጨዋታ ወደ 180 ስናፕ ብታዩ አብዛኛው ዜሮ ነው። ከፕላሱ ይልቅ ማይነሱን ቁጠሩ። ብዙ ፕላስና ብዙ ማይነስ ያለው ልጅ ለ3ኛ ዳውን ብቻ የሚገባ ነው፤ ጥቂት ፕላስና እጅግ ጥቂት ማይነስ ያለው ደግሞ ደጋፊ ስሙን ሳያውቀው አሰልጣኝ የማያስወጣው ነው።

ስንት ስናፕ መጫወቱ ለምን ይጠየቃል?

ላይንማን በፈረቃ ነው የሚጫወተው። በአንድ ጨዋታ 25 ስናፕ የሚጫወት ልጅ ሁልጊዜ ትኩስ እግር ይዞ ከደከመ ታክል ጋር ይገናኛል፤ በመቶኛ ሲሰላ ኮከብ ይመስላል። 50 ስናፕ ሲሰጠው ያ መቶኛ አብሮት ላይሄድ ይችላል። በዓመት ከ200 ስናፕ በታች ከሆነ ማንኛውንም መቶኛ እንደ ፍንጭ እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዙት። በአንድ ጨዋታ ከ45 በላይ ከተጫወተ ደግሞ 4ኛውን ሩብ ለይታችሁ እዩ፤ አነሳሱ ከ1ኛው ሩብ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ቀነሰ? ውጤቱ 42 ለ 7 ከሆነ በኋላ የተገኘውን ሳክም ከሒሳብ አውጡት።

ቁመትና ክብደቱ ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል። ልመነው?

ቁመቱን አንድ ኢንች ቀንሱለት፤ ክብደቱን በየትኛው ወር እንደተመዘነ ሳታውቁ አትመኑ። በግምት ኖዝ ታክል ከ310 እስከ 340 ፓውንድ (ከ140 እስከ 154 ኪሎ)፣ 3 ላይ የሚቆም ከ285 እስከ 305 (ከ129 እስከ 138 ኪሎ)፣ የጫፍ ተጫዋች ከ245 እስከ 270 (ከ111 እስከ 122 ኪሎ) ይሆናል። ከክብደት በላይ የምንፈልገው የክንድ ርዝመት ነው፤ 33 ኢንች፣ ማለትም 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ክንድ ያለው ተቃራኒውን ቀድሞ ይነካል። ይህ በኮሌጅ ድረ ገጽ ላይ አይጻፍም፤ ፊልም ላይ ግን ክንዱን ዘርግቶ ሰው ማራቅ መቻሉ ይታያል።

«20 ፓውንድ ጨምሮ ወደ መሃል ይገባል» የሚለው ዕቅድ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ልጁ መጨመር አቅቶት አይደለም። ክብደቱ ሲጨምር የመጀመሪያው እርምጃ ይዘገያል፤ የተመረጠው ግን በዚያ እርምጃ ነበር። ባለፉት ሁለት ዓመታት ክብደቱ እንዴት እንደሄደ እዩ። 255፣ 268፣ 280 እያለ ፍጥነቱን ሳያጣ ከመጣ እሺ። በአንድ ክረምት ዘሎ ከሆነ ቆዩ።

ከትንሽ ሊግ የመጣ ልጅ ትልቁን ይችላል?

የሚችል አለ። ጃሬድ ቨርስ የጀመረው በኦልባኒ ነው፤ ከከፍተኛው ምድብ አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው በኤፍሲኤስ። ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ተዛውሮ በ2022 እና በ2023 በእያንዳንዱ ዓመት 9 ሳክ አገኘ፤ በ2024 ድራፍት (የኤንኤፍኤል ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት) ሎስ አንጀለስ ራምስ በ19ኛ ወሰደው፤ በዚያው ዓመት የኤንኤፍኤል ምርጥ አዲስ ተከላካይ ተባለ። ብሬደን ፊስክም ከዌስተርን ሚሺጋን ወደዚያው ወደ ፍሎሪዳ ስቴት መጥቶ በዚያው ድራፍት በ39ኛ በራምስ ተመረጠ።

እነዚህን ሁለቱን አይታችሁ ሁሉንም እንዳትመዝኑ። ከትንሽ ሊግ በመጣ ልጅ ላይ የምንፈልገው ዘዴ ሳይሆን የበላይነት ነው። በደካማ መስመር ላይ በሁለት ሦስት ስናፕ አንዴ ካልታየ፣ በጠንካራው ላይ አይታይም። ደግሞም አብዛኞቹ የኤፍሲኤስ ቡድኖች በዓመት አንድ ጊዜ ከትልቅ ቡድን ጋር ስለሚጫወቱ (ለገንዘብ ሲሉ ነው፤ ሲሸነፉም ይከፈላቸዋል) ያንን አንድ ጨዋታ ፈልጉ። ቡድኑ 50 ለ 3 ቢሸነፍም ግድ የለም፤ 1ኛው ሩብ ላይ እሱ ምን አደረገ? ዕድሜውንም ጠይቁ። የ23 ዓመት ልጅ የ19 ዓመት ልጆችን ቢያሸንፍ ብዙም አይገርምም።

በትልቅ ቡድን ተጠባባቂ ከነበረውስ?

እኛ ብንመርጥ ብዙ ጊዜ ወደዚህ እናደላለን፤ በየቀኑ ልምምድ የሚያደርገው ከምርጥ ልጆች ጋር ነውና። ጀርሜይን ጆንሰን በጆርጂያ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች መካከል በፈረቃ ሲገባ ቆይቶ በ2021 ወደ ፍሎሪዳ ስቴት ሄደ፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የኤሲሲ (ፍሎሪዳ ስቴት ያለበት ሊግ) የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ፤ በ2022 ኒው ዮርክ ጄትስ በ26ኛ ወሰደው። መጠየቅ ያለበት ግን ለምን ተጠባባቂ ሆነ የሚለው ነው። ከፊቱ የነበሩት ወደ ኤንኤፍኤል ከሄዱ መልሱ ግልጽ ነው። ከፊቱ የገባው ከሃይስኩል የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ልጅ ከሆነ ሌላ ነገር አለ።

በሃይስኩል ጊዜ አምስት ኮከብ ነበር። ይቆጠርለታል?

ለአንድ ዓመት ያህል። ኮከብ ተንታኞች ለሃይስኩል ተጫዋች የሚሰጡት ደረጃ ነው፤ አምስት ከፍተኛው ነው። ከሁለት የኮሌጅ ዓመት በኋላ ፊልሙ ኮከቡን ይተካዋል። ዋልተር ኖለን ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ወደ ኦል ሚስ ሄዶ በ2025 ድራፍት በ16ኛ አሪዞና ካርዲናልስ የወሰደው በድሮ ኮከቡ ሳይሆን በ2024 ባሳየው ነው።

ጉዳት ነበረበት ከተባለስ?

የትኛው ቦታ፣ መቼ ተቀደደ፣ መቼ ተመለሰ፣ ከተመለሰ በኋላ ስንት ተከታታይ ጨዋታ ተጫወተ። እነዚህ አራቱ ካልተመለሱ «ድኗል» የሚለው ቃል ባዶ ነው። የጉልበት ኤሲኤል (ከጉልበት ዋና ጅማቶች አንዱ) ከተቀደደ ለመመለስ በተለምዶ ከ9 እስከ 12 ወር ይወስዳል፤ ተጫዋቹ ከዚያ በኋላም ጥቂት ወራት እግሩን ሳያምን ይጫወታል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው የመጀመሪያ ዓመት ፊልም ከእውነተኛ ችሎታው በታች ሊሆን ይችላል። የትከሻ ጉዳት ለላይንማን አታላይ ነው፤ ሲሮጥ አይታይም፣ እጁን ሲዘረጋ ግን ይታያል። አንዱን ክንድ ብቻ እየተጠቀመ ከሆነ ምልክት አድርጉበት።

ሐኪሞችም አንድ ዓይነት አይፈርዱም። ላያቱ ላቱ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሳለ በአንገት ጉዳት ምክንያት ከጨዋታ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ወደ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የዚያ ሐኪሞች ፈቀዱለት፤ በ2022 10.5 ሳክ፣ በ2023 13 ሳክ አገኘ፤ በ2024 ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ በ15ኛ መረጠው።

ስንት ዓመት እንደሚቀረው እንዴት አውቃለሁ?

መሠረቱ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ነው። ከ2018 ጀምሮ በአንድ ዘመን እስከ 4 ጨዋታ ብቻ የተሰለፈ ልጅ ያን ዓመት ሳይቆጠርበት ሊያስቀር ይችላል። «ጁኒየር» (የሦስተኛ ዓመት ተማሪ) የሚለውን ትታችሁ የተጫወተባቸውን ዘመኖች ራሳችሁ ቁጠሩ። አንድ ዓመት ብቻ የሚቀረው ልጅ ሲመጣ የሚማርበት ጊዜ የለውም፤ በኦገስት ዝግጁ መሆን አለበት። ሁለት ዓመት ያለውን ግን ገና ያልበሰለ ቢሆንም መውሰድ ያዋጣል።

ስለ መዛወሩ ሕግ ባጭሩ፦ ትራንስፈር ፖርታል (መዛወር የሚፈልግ ተጫዋች የሚመዘገብበት መዝገብ) የተከፈተው በኦክቶበር 2018 ነው። ከ2021 ጀምሮ አንድ ጊዜ ሳይቀጡ መዛወር ተፈቀደ፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ እስከተስተካከለ ድረስ የቱንም ያህል ጊዜ ቢዛወር ወዲያው ይጫወታል። የፀደዩ መስኮት (የመመዝገቢያ ጊዜ) ቀርቶ ለ2026 አንድ መስኮት ብቻ ተወሰነ፤ ከጃንዋሪ 2 እስከ 16፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 24 ገደማ ጀምሮ። ይህ ሕግ በየዓመቱ ስለሚነካካ የዘንድሮውን ቀን ሳታረጋግጡ ለማንም አትንገሩ።

ሳይታሰብ የሚያሰናክለው ክሬዲት ነው። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ከቀድሞው የተወሰዱ ኮርሶችን ካልተቀበለ ልጁ በትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሕግ መጫወት የሚችል ሆኖ በትምህርት ሳቢያ ይታገዳል።

ገንዘቡስ? ለአንድ ላይንማን ምን ያህል ይገባዋል?

ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚከፈለው በይፋ ስለማይወጣ በየቦታው የሚወራውን ቁጥር እንደ ወሬ ቁጠሩት። የሚታወቀው ማዕቀፉ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ይችላሉ። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ ለ2025–26 ጣሪያው ለሁሉም ስፖርቶች በጠቅላላ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ወደ ስምምነቱ የገቡ ቡድኖች በፉትቦል 105 ተጫዋች ብቻ መያዝ ይችላሉ። የቦታው ቁጥር ስለተገደበ «እንያዘውና እናያለን» የሚባልለት ላይንማን ድሮ ከነበረው ያነሰ ዕድል አለው።

ከገበያ አንፃር ውድ የሚሆኑት የጫፍ ተጫዋቾች ናቸው። የእኛ አስተያየት ግን ገንዘቡ ጥብቅ የሆነ ቡድን ከሁለተኛ ደረጃ የጫፍ ተጫዋች ይልቅ ሁለት ጠንካራ የመሃል ተጫዋቾችን ቢይዝ ይሻለዋል። 310 ፓውንድ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ሰው በአገሩ ጥቂት ነው፤ ከሃይስኩል አምጥቶ ለማሳደግም ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ከመጣ በኋላ መቼ ነው ልፈርድ የምችለው?

በጃንዋሪ የገባ ልጅ የፀደይ ልምምዱን 15 ቀን ያገኛል። የፀደዩን ጨዋታ አትመኑ፤ ኳርተርባኩ አይነካም፣ ሕጉ ይቀያየራል። በዚያ ወቅት የሚጠቅመው መረጃ ከማን ጋር ተሰልፎ ልምምድ እንደሚያደርግ ብቻ ነው። ኦገስት ላይ በመጀመሪያው ቡድን ካልታየ ወይ ክብደቱ አልደረሰም ወይ የአሰልጣኙን የጨዋታ ጥሪዎች አልያዘም።

ውድድሩ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ዝለሉ፤ ብዙ ጊዜ ደካማ ተጋጣሚዎች ናቸው። የሊጉን ሦስተኛ ጨዋታ ጠብቃችሁ የመጀመሪያውን ሥራ ድገሙ፦ 30 ስናፕ፣ የቆመበት ቁጥር። አሰልጣኙ ለሌላ ቦታ አምጥቶት በሌላ ቦታ እያሠራው ከሆነ በዚያ ላይ ታገኙታላችሁ። ለምሳሌ 3 ላይ ይሰለፋል ተብሎ የመጣው ልጅ፣ ኖዝ ታክሉ ስለተጎዳ 1 ላይ ሲቆም ታዩታላችሁ፤ ሳኩ ቢጠፋ አይግረማችሁ።

የቤተሰባችን ልጅ በኤፍ 1 (የተማሪ) ቪዛ ነው የሚማረው። ተዛውሮ ክፍያ መቀበል ይችላል?

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በዳላስ፣ በአትላንታና በሚኒያፖሊስ ያሉ ቤተሰቦች ይህን ይጠይቃሉ። አብዛኞቹ ልጆች እዚያው የተወለዱ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ስለሆኑ አይመለከታቸውም። በኤፍ 1 ላይ ያለ ተማሪ ግን ሥራ የመሥራት ፈቃዱ ውስን ነው። ማስታወቂያ መሥራት፣ ፊርማ መፈረምና ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ክፍያ መቀበል እንደ ያልተፈቀደ ሥራ ሊቆጠሩ ይችላሉ፤ ቪዛውንም አደጋ ላይ ይጥላሉ። የቡድን ጓደኞቹ ስለፈረሙ እሱም ይፈርም ማለት አይቻልም። ሲዛወርም የኢሚግሬሽን መዝገቡ ከቀድሞው ትምህርት ቤት ወደ አዲሱ መተላለፍ አለበት። ስለዚህ የአሰልጣኙን ወረቀት ከመፈረሙ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ኃላፊውንና የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ጠበቃው የቡድኑ ሳይሆን የራሱ ይሁን።